መድኃኒት የለመደው ቁስል

እናቴን አሳ ወጋት ስል ሰው ይስቃል። ይሳቅ። እኔም መጀመሪያ ስቄያለሁ። ዕድሜዋን ሙሉ ሐይቁ ዳር ተቀምጣ አሳ ስትበልት የኖረች ሴት ናት። አባ ኮዳ የምንላቸው ትልልቅ ወፎች እንኳ ያውቋታል፣ ስትመጣ ካዩ ከሌላው ሁሉ ተለይተው እሷን ከበው ይቆማሉ። አንድ ቀን አምባዛ የሚባለው አሳ እሾህ መዳፏ ላይ ተሰካ። ነቅላ ጣለችው፣ ደሙን በሽርጧ ጠረገችና ሥራዋን ቀጠለች። ማታ ቤት ስትገባ «ዛሬ ደግሞ የሞተ አሳ ነከሰኝ» አለችኝና ሁለታችንም ሳቅን።

ከተማችንን ያኔ አዋሳ ነበር የምንላት። እኔ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር ከእናቴ ጋር እኖር ነበር። አባታችን ከሞተ ቆይቷል። ታናሽ ወንድሜን ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና መርጦ ሰሜን ጦር ግንባር ልኮታል። ወሬው ከጠፋ ሰንብቷል። እናቴ ስለ እሱ አንድም ቀን አልቅሳ አታውቅም። ግን ሬዲዮ ዜና ሲጀምር የምትሠራውን ትታ ትቆም ነበር፣ ልክ አንድ ሰው ስሟን እንደጠራት።

እጇ ማበጥ ሲጀምር አጥር የምንጋራት ጎረቤታችን ያን ባለ ሁለት ቀለም ቴትራሳይክሊን ክኒን ይዛ መጣች። እዚያ ሰፈር ያ ክኒን የሌለበት ቤት አልነበረም። ለተቅማጥ ይዋጣል፣ ለጉሮሮ ይዋጣል፣ ለቁስል ደግሞ ተከፍቶ ዱቄቱ ይነሰነስበታል። ሕመሙ ሻል ሲል ይቆምና የተረፈው ለሚቀጥለው በሽተኛ ይቀመጣል። ስንቱን አድኗል! የእኔን ቁርጭምጭሚት አድኗል፣ የጎረቤታችንን ልጅ ጆሮ አድኗል። የእናቴን መዳፍ ግን እንቢ አለ። እብጠቱ ወደ ክንዷ ወጣ፣ ብብቷ ሥር ንፍፊት አበጀ። ጎረቤታችን «የኔ ክኒን አርጅቶ ሳይሆን አይቀርም» ብላ ከሌላ ቤት አዲስ አመጣች። እሱም ያው ነው። እናቴ በትኩሳት ስትቃዥ ጊዜ በጋሪ ጭነን ሆስፒታል ወሰድናት።

በሩ ላይ «ጽኑ ሕሙማን» ተብሎ የተጻፈበት ክፍል አስገቧት። ዛሬ ሰው ይህን ስም ሲሰማ የሚጮህ ማሽንና ቱቦ ይታየዋል። የእኛው ግን ጽሑፉ ብቻ ነበር። የተላጡ የብረት አልጋዎች፣ አንድ የኦክስጅን ሲሊንደር፣ አንድ የእጅ መታጠቢያ፤ እሱም ውኃው የሚመጣው ደስ ሲለው። ከእናቴ ጎን በላምባ ምድጃ የተቃጠለች ወጣት ልጅ ተኝታ ነበር። እናቴን ፔኒሲሊን ይወጉልኝ ጀመር። እኔ በፔኒሲሊን ላይ እምነቴ የትየለሌ ነው። ነገ ተነስታ አሳዋን ትበልታለች ብዬ አንሶላዋን አጥቤ ተመለስኩ።

እንግዲህ ጠያቂ የሚባል ነገር አለ። እናቴ በሰፈሩ ያልጠየቀችው በሽተኛ የለም፤ ስለዚህ ሰፈሩ በሙሉ እሷን ሊጠይቅ መጣ። ጴንጤው ይጸልያል፣ ኦርቶዶክሱ «እግዜር ይማርሽ» ይላል፣ የሲዳማዎቹ አሳ አስጋሪዎች በቋንቋቸው ያጽናኗታል። ደግሞ የራስህን በሽተኛ ብቻ ጠይቀህ መውጣት ነውር ነው። ከአልጋ አልጋ ትዞራለህ። ግንባር ትዳብሳለህ፣ ብርድ ልብስ ታስተካክላለህ፣ ለማታውቀው ሰው ሙዝ ልጠህ ታጎርሳለህ። የተቃጠለችው ልጅ ዘመዶቿ ሩቅ ስለነበሩ የእኛ ሰዎች ከእናቴ እኩል ነበር የሚጠይቋት። የዕድራችን ሰብሳቢ ደግ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሁልጊዜ መጀመሪያ የልጅቱን የታሰረ ክንድ በመዳፋቸው ደግፈው «አይዞሽ ልጄ» ይሏታል፣ ከዚያ ዞረው የእናቴን እጅ ይይዛሉ። እኔ በዚህ ኩራት ይሰማኝ ነበር። እንዲህ ያለ ሕዝብ የት ይገኛል?

የልጅቱ ፋሻ አረንጓዴ ሆነ። እውነቴን ነው፣ እንደ ደረቀ የሣር ጭማቂ። ሽታውም የመግል ሽታ አይደለም፣ ጣፋጭ ነገር ነው፣ ከበሰለ ብዙ የቆየ ፍሬ ይመስላል። ነርሷን «ምን ቀቡላት?» ስላት «ምንም አልቀባናትም» አለችኝ። ጥቂት ቆይቶ የእናቴም ፋሻ እንደዚያው አረንጓዴ ሆነ። አሳ የወጋው እጅ ምን ሆኖ ነው በእሳት የተቃጠለ ገላ የሚመስለው? አሰብኩ አሰብኩ፣ አልገባኝም። ጎረቤታችን «ሐይቁ ነው፣ ሐይቁ የራሱን ነገር ያውቃል» አለችና ፊቷን አዞረች። እኔም ተናድጄ «ልጅቷ መቼ ሐይቅ ወርዳ ታውቃለች!» ብዬ ጮህኩባት።

ሐኪሙ ከውጭ አገር ተምሮ የመጣ፣ እንቅልፍ ያጣ ወጣት ነበር። ኮሪደሩ ላይ አስቁሞኝ «ጀርሙ መድኃኒቱን ለምዶታል» አለኝ።

«ማንን ነው የለመደው?» አልኩት።

«መድኃኒቱን። ፔኒሲሊኑ አይገድለውም። ቴትራሳይክሊኑም አይገድለውም። ከአዲስ አበባ ሌላ መርፌ እንዲልኩልን ጠይቀናል። እስኪመጣ ካልያዝነው ክንዷን መቁረጥ ሊኖርብን ይችላል።»

ክንዷ ተቆርጦ ምን ልትሆን ነው? ደግሞ ጀርም መድኃኒት ይለምዳል እንዴ? ሰው ይለምዳል። እኛ በእነዚያ ዓመታት ያልለመድነው ነገር አልነበረም። ሰዓት እላፊ ለምደናል፣ ስብሰባ ለምደናል፣ ልጅ ሲወሰድ ዝም ማለት ለምደናል። በዓይን የማይታይ ነገር ግን የሚገድለውን መልመዱን ማን ሰምቶ ያውቃል? «ታዲያ መጠኑን ጨምሩላት» አልኩት። እሱም በደከመ ዓይኑ አየኝና «እህቴ፣ መጀመሪያ ይሄን ሁሉ እጅ አስቁሙልኝ» አለኝ።

የፈለገው ጠያቂ እንዲቆም ነበር። ከሁለቱ አልጋ ማንም እንዳይደርስ፣ እኔም ጭምር። ለዕድራችን ሰብሳቢ እኔ ባለሁበት ሲነግራቸው ሽማግሌው ተቆጡ። «ሰው ያልጠየቀው በሽተኛ ይድናል ልጄ? የትኛው መጽሐፍ ላይ ነው ያለው?» አሉት። ሐኪሙም «አባቴ፣ ከዚያች ልጅ ወደዚህች እናት ያሻገርነው እኛ ነን። በእጃችን ነው፣ በእኔም በእርስዎም» ብሎ መለሰ። እሳቸው መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት። ንጹሕ ነበር። ሁለቱም እውነት የያዙ ይመስሉኝ ነበር፣ የቱን እንደምደግፍ ጠፋኝ።

በማግስቱ ወደ ሥራ ሄድኩ። ቢሮ መቅረት ያኔ ቀላል ነገር አይደለም። ሽማግሌው ግን ዘበኛውን ለምነው ገብተው ኖሯል። የእናቴ አልጋ ባዶ ነው፣ ፍራሹ ተገልብጧል። ኮሪደሩ ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ክፍል አጽድተው እሷንና ልጅቷን ወደዚያ እንዳዛወሯቸው ማንም አልነገራቸውም። ሐኪሙን ቢያገኙት እየተቻኮለ ነበር። «የሴትየዋን ልጅ ቀስ ብላችሁ አዘጋጇት። ብቻዋን እንዳትሆን» አላቸውና ገባ። የእናቴን ክንድ መቆረጥ ለእኔ ቀስ ብለው እንዲነግሩኝ ማለቱ ነበር። ሐኪም ነው፣ የሚያወራው ስለ ቀዶ ጥገና ነው። አንድ የአገሬ ሽማግሌ ግን ባዶ አልጋ አይቶ፣ «ቀስ ብላችሁ አዘጋጇት» ሲባል ሰምቶ፣ ሌላ ምን ሊገባው ይችላል? እንደ ደንቡ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ወደ ሰፈር ተመለሱ። ማታ ቤቴ መጥተው እራት እንድበላ ሲለምኑኝ አመሹ። «እናቴን አይተዋት ይሆን?» ስላቸው «ደህና ናት» አሉኝ።

ሰዓት እላፊው እንዳበቃ በሬ ተንኳኳ። ከፈትኩ። የዕድሩ ሰዎች በሙሉ ቆመዋል። ጎረቤታችን ገባ ብላ ክንዴን ያዘች፣ ሌላዋ በዚያ በኩል ያዘችኝ። ሲይዙኝ ገባኝ። ሁለት ሴቶች ክንድህን ከያዙ ሌላ የሚባል ነገር የለም። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠርገው «እንግዲህ ልጄ፣ የሰው ልጅ እንግዳ ነው» ብለው ሲጀምሩ የቀረውን አልሰማሁም። ጮህኩ፣ ፊቴን ቧጨርኩ፣ ከመሬት ተንከባለልኩ። ጥቁር አለበሱኝ። ደጅ ድንኳኑ ሲተከል የካስማው ድምፅ ይሰማኛል። የማስታውሰው ነገር ቢኖር ዱላ እንደበላ ሰው መላ አካላቴን ማመሙን ነው።

ሬሳ ልንቀበል በሰልፍ ሆስፒታል ሄድን። የሬሳ ክፍሉ ጠባቂ ቁልፉን እያንቀጫቀጨ ወጣና ማንን እንደምንፈልግ ጠየቀን። ነገርነው። «እንደዚያ ያለች ሴት አልመጣችልኝም» አለ።

«እንዴት አልመጣችም? ሐኪሙ በገዛ አፉ ነግሮኛል!» አሉ ሽማግሌው።

«ታዲያ ሐኪሙን ይጠይቁት አባባ። እኔ ጋ የሉም።»

ከጀርባዬ ሰው እርስ በርሱ ይንሾካሾክ ጀመር። ሬሳው ጠፋ የሚል አለ፣ ደብቀዋት ነው የሚል አለ፣ «ምን አድርጋ ነው የሚደብቋት?» የሚል ፈሪ ድምፅም አለ። ያ ዘመን የጠፋ ሰው ሬሳ የሚጠየቅበት ዘመን አልነበረም፤ አንዳንዶቹ ቀስ እያሉ ወደ ኋላ ሸሹ። እኔ ምን እንደማስብ አላውቅም። ሞታለች? አልሞተችም? ለማን ነው ያለቀስኩት? ክንዴን አስለቅቄ የሕንጻውን ጀርባ ይዤ በመስኮቶቹ ሥር እየተራመድኩ በእያንዳንዱ መስታወት ማየት ጀመርኩ። ሴቶቹም ተከተሉኝ፣ ሽማግሌውም ተከተሉኝ።

ጥግ ላይ ያለችው ትንሽ ክፍል ውስጥ እናቴ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። ዓይኗ ተከፍቷል። ሳቅና እንባ አንድ ላይ ቀደሙኝ። «እማዬ!» ብዬ መስታወቱን በሁለት እጄ መታሁት።

ዞራ አየችኝ። መጀመሪያ ፈገግ ልትል ነበር፣ አፏ ሲከፈት አይቻለሁ። ከዚያ ዓይኗ ከፊቴ ወርዶ ጥቁሩ ልብሴ ላይ አረፈ። የተቧጨረውን ጉንጬን አየች። ከኋላዬ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የቆሙትን ሴቶች አየች፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው የያዙትን ሽማግሌ አየች። ቆጠራው ረጅም አይደለም። ለእኔ ጥቁር የሚያስለብሰኝ በዚህ ዓለም ላይ ሁለት ሰው ብቻ ነው ያለኝ፣ አንደኛዋ እሷ ናት። ደህናውን እጇን አንስታ ደረቷን መታች፣ ደጋግማ መታች። ድምፅዋ በመስታወቱ አይሰማም። እኔ «ደህና ነው! ምንም አልሆነም!» እያልኩ ራሴን እነቀንቃለሁ፣ ጥቁሩን ነጠላ ከላዬ ገፍፌ ጣልኩት። እሷ ግን ዓይኗን ጨፍና ነበር።

ሐኪሙ ጩኸቱን ሰምቶ ወጣ። ሁላችንንም አየን፣ ልብሳችንንም አየ፣ ፊቱ ሲለወጥ አየሁት። እኔን ወደ ውስጥ ወሰደኝና እጄን በሳሙና አሳጠበኝ፣ ነጭ ጋውን አለበሰኝ፣ አፌን በጨርቅ ሸፈነልኝ። «አልጋዋን እንዳትነኪ» አለኝ።

በሩ ላይ ቆሜ «እማዬ፣ ልጅሽ ደህና ነው» አልኳት።

«እሺ» አለች።

«እውነቴን ነው! ከእሱ ምንም ወሬ አልመጣም። ደህና ነው።»

«እሺ አልኩሽ እኮ። እኔስ ለስንት እናት ደህና ነው ስል ኖሬያለሁ። እንዲህ ነው የሚባለው።» ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «አሁን ደግሞ ነጭ አለበሱሽ።»

«የሆስፒታሉ ነው፣ እማዬ! ሁሉም ሰው ሲገባ ይለብሰዋል።»

«ጥቁሩንስ ለማን ነበር የለበስሽው?»

ምን ልበል? ለታመመ ሰው «ድንኳንሽ ደጃችን ላይ ተተክሏል» ይባላል? ሌላ መንገድ ስላልነበረኝ እውነቱን ተነፈስኩት። «ለአንቺ ነው፣ እማዬ። ሞታለች ብለው አርድተውኝ ነው።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ትኩሳቱ ያደረቀው ከንፈሯ ተሰነጠቀ። «አይ ልጄ፣ ውሸት አታውቂበትም። ከልጅነትሽ ጀምሮ አታውቂበትም። እኔማ ይኸው አለሁ አይደል?»

ማልኩላት። በአባቴ አጥንት ማልኩላት። ሽማግሌውን በመስኮቱ ጠርቼ «ይንገሯት!» ብዬ ጮህኩ። እሳቸውም ከውጭ ሆነው እያለቀሱ «ልጅሽ ደህና ነው እመቤቴ፣ በእግዚአብሔር ስም ደህና ነው» አሏት። እያለቀሰ ደህና ነው የሚል ሽማግሌን ማን ያምናል? እናቴ ጨዋ ናት፤ ላለማሳፈር ብላ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ መለሰችላቸው። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረች። ከዚያች ቀን ወዲያ የነርሶቹ ሬዲዮ ይሰማ አይሰማ ግድ አልነበራትም።

መርፌው ከአዲስ አበባ መጣ። ዘበኛው ሳይቀር ነው ደስ ያለው። ለሁለቱም ይወጉላቸው ጀመር። የተቃጠለችው ልጅ ፋሻ እያደር ነጣ፣ ሽታውም ጠፋ። የእናቴ ግን ያው አረንጓዴ ነው። ሐኪሙ ጠራኝና «ይሄንንም ለምዶታል» አለኝ። ያን ቀን ያበድኩ ይመስለኛል። «ከየት አግኝቶ ለመደው? ገና ትናንት አይደል እንዴ የመጣው! ከአዲስ አበባ አብሮ በመኪና መጣ? ደግሞ አንድ ጀርም ከሆነ ልጅቷን ለምን ለቀቃት?» ብዬ ደረቱ ላይ ያለውን ጋውን ይዤ ነቀነቅኩት። አልገፈተረኝም። «አላውቅም» አለኝ። ሐኪም እንዲህ ሲል ሰምቼ ስለማላውቅ እጄ በራሱ ጊዜ ተወው።

ክንዷን ለመቁረጥ ሲጠይቋት «ለማን ብዬ?» አለች። አልተቆጣችም፣ የገበያ ነገር እንደምትጠይቅ ሆና ነው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ «ለእኔ!» አልኩ። ለረጅም ጊዜ አየችኝ። «ለአንቺ ብዬማ እሺ» አለች። ቆረጡት። ጀርሙ ወደ ደሟ ገብቶ ስለነበር ግን አልተመለሰችም።

ሽማግሌዎቹ እንደገና በጠዋት በሬን አንኳኩ። ያው ሴቶች፣ ያው ክንዴን መያዝ። ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ «ዛሬስ ሬሳ ክፍሉን ጠይቃችኋል?» አልኳቸው። እሳቸውም አንገታቸውን ደፍተው «አዎ ልጄ፣ ዛሬ ጠይቀናል» አሉ። አንዲት እንባ አልወጣኝም። ጨርሼው ነበር፣ በቁሟ ሳለች። በዚህ ሰፈሩ በሙሉ ሲያማኝ ከረመ።

ምን እንደገደላት እስከ ዛሬ አላውቅም። ሐኪሙ ደም ውስጥ የገባው ጀርም ነው አለ። ጎረቤታችን ልቧ ነው፣ ያን ቀን በመስኮቱ ያየችው ነው ትላለች። አሁን አሁን ጋዜጣው ሁሉ መድኃኒት ስለተላመዱ ጀርሞች ሲጽፍ አያለሁ፣ ቆሜ አነበዋለሁ፣ ይገባኛል። የእናቴ ነገር ግን ከዚያም በኋላ አይገባኝም። ጀርሙ ባይኖር በሩ አይዘጋም ነበር። በሩ ባይዘጋ ሽማግሌው ባዶ አልጋ አያዩም ነበር። ግን በሩ ተከፍቶ ቢሆን ኖሮስ ስንቱ ሰው በዚያ አረንጓዴ ነገር ያልቅ ነበር? በየትም በኩል ስጀምረው ያው እዚያው እመለሳለሁ።

መንግሥቱ ወድቆ ወታደሩ በየመንገዱ እየተበተነ፣ እየለመነ ወደየአገሩ ሲመለስ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሬ ተንኳኳ። አንድ ከስቶ አጥንቱ የቀረ ሰው በዱላ ተደግፎ ቆሟል፣ ጫማው በገመድ የታሰረ ነው። ያወቅኩት በጆሮዎቹ ነው፣ የእናቴን ጆሮ ይዟል። አቅፌው ስለቀው እሱ በትከሻዬ ላይ አሻግሮ ወደ ቤት ውስጥ ያያል። በሩ ጀርባ ሽርጧ እንደተሰቀለ ነው።

«እማዬስ?» አለኝ።

«ደህና ናት» አልኩት።

ወንድሜ ፊቴን አየው። ከዚያ ኮፍያውን አወለቀና ደፉ ላይ ተቀመጠ።